«ማን ሰበረው?» ሶባና የሙዚየም ትምህርት

ተማሪዎችን ይዞ ሙዚየም መሄድ በትምህርት ቤቶቻችን የቆየ ልማድ ነው። አውቶቡስ ይከራያል፤ ዳቦና ሙዝ ይቋጠራል፤ በር ላይ ሰልፍ ይያዛል፤ «አትንኩ!» ይባላል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ሁሉም ወደ አውቶቡሱ ይመለሳል። በማግስቱ «ስላያችሁት ነገር አንድ ገጽ ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ይሰጣል። የሚጻፈው ገጽ ግን ብዙውን ጊዜ ስለ አውቶቡሱና ስለ ሙዙ እንጂ ስለ ሙዚየሙ አይደለም። ይህን የምንለው ለቀልድ አይደለም፤ እንዲህ ያሉ ድርሰቶችን እያረምን ብዙ ዓመታት አሳልፈናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማንጠቅሰው አንድ ሙዚየም ውስጥ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተደረደረ ገል አየና «ማን ሰበረው?» ሲል አስጎብኚውን ጠየቀ። ጓደኞቹ ሳቁ። አስጎብኚው «ጥንታዊ ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ሣጥን ተሻገሩ። እኛም መምህራኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሳቁት ጋር ፈገግ አልን። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አለመሆኑን የተረዳነው በኋላ፣ ስለ ሶባ ማንበብ ከጀመርን ወዲህ ነው።

ሶባ ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጥቁር ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች ቦታ ናት። ውኃው ከእኛ ጣና ወርዶ በደጃፏ ያልፋል። በመካከለኛው ዘመን የአልዋ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች፤ አልዋም በኑብያ ከነበሩት ሦስት ክርስቲያናዊ መንግሥታት የደቡቡ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ10ኛው መቶ ዓመት ከግብፅ ወደ ኑብያ በመልእክተኛነት የተላከው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ ስለ ሶባ ሲጽፍ ያማሩ ሕንፃዎችና ሰፋፊ ቤቶች፣ ወርቅ የሞላባቸው አብያተ ክርስቲያናት፣ የአትክልት ቦታዎች፣ የእስላሞችም መኖሪያ ሠፈር እንደነበሯት ይናገራል። የጻፈው መጽሐፍ ራሱ ጠፍቷል። የምናውቀው ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ አል መቅሪዚ የተባለው የካይሮ ታሪክ ጸሐፊ ከውስጡ ስለ ቀዳ ብቻ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

እንግዲህ ሶባን ማን ሰበራት?

የሱዳን ሽማግሌዎች መልስ አላቸው። ዐጁባ የተባለች አንዲት አሮጊት ነበረች፤ መልከ መልካም ልጅም ነበረቻት፤ በልጅቷ ሰበብ መኳንንቱን እርስ በርስ አጋጭታ ከተማይቱን አስጠፋቻት ይላሉ። ስለዚህም በሱዳን ዐረብኛ አንድ ነገር ፈጽሞ ሲወድም «የሶባ ጥፋት» ይባላል። ሁለተኛው መልስ የታሪክ መጻሕፍት መልስ ነው፤ የፉንጅ መንግሥት በ1504 ሲመሠረት የአልዋ ነገር አበቃ የሚለው። ሦስተኛውን መልስ የሰጡት ቆፋሪዎች ናቸው። ፒተር ሺኒ የሱዳን የቅርስ አገልግሎት ኃላፊ በነበረበት ጊዜ ከ1950 እስከ 1952 በሶባ ቆፈረ። ቀጥሎም በምሥራቅ አፍሪካ የብሪታንያ ተቋም ስም በመጀመሪያ ቻርልስ ዳንየልስ፣ በኋላም ዴሪክ ዌልስቢ ከ1981 እስከ 1992 ባለው ጊዜ ውስጥ ሰፊ ቁፋሮ አካሄዱ። በአንድ ጉብታ ላይ ብቻ ጎን ለጎን የተሠሩ ሦስት የቀይ ጡብ አብያተ ክርስቲያናትን መሠረት አገኙ። ታላላቆቹ ሕንፃዎች ፉንጆች ከመምጣታቸው አስቀድሞ መፍረስ እንደጀመሩም ከአፈሩ አነበቡ። በ1523 በዚያ ያለፈው ዳዊት ሮቤኒ የተባለው አይሁዳዊ መንገደኛም ከተማይቱ ፍርስራሽ እንደነበረችና ሰዎች በእንጨት ጎጆ ይኖሩባት እንደነበር ጽፏል።

አራተኛ መልስም አለ፤ እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን እርሱ ነው። የግብፅ ጦር በ1820 እና በ1821 ሱዳንን ከያዘ በኋላ ካርቱም ስትቆረቆር የግንባታ ጡብ የተለቀመው ከሶባ ነው። የጥንቷ ከተማ ግድግዳ እየተናደ የአዲሲቱ ከተማ ግድግዳ ሆነ። ሶባ በእርግጥ አልጠፋችም ለማለት ይቻላል፤ ቦታ ለውጣ ካርቱም ውስጥ ገብታለች። በዘመናችንም ካርቱም በተራዋ እየሰፋች መጥታ ቤቶቿን በሶባ ጉብታዎች ላይ ሠራች።

ለአንድ ቁራጭ ገል አራት መልሶች አሉ ማለት ነው። ያ ተማሪ የጠየቀው ይህን ነበር።

አሁን ወደ ትችታችን እንግባ። የምንተቸው አንድን ተቋም ሳይሆን አንድን አስተሳሰብ ነው፤ ይኸውም ዐውደ ርእይ ማለት ያማረና የተሟላ ዕቃ መርጦ በመስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ነው የሚለውን።

በ1971 የተከፈተው የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል፤ ታላቅነቱንም ጉድለቱንም አብሮ ያሳያልና። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ የታችኛውን ኑብያ ሲያሰጥም ዩኔስኮ በ1960 ዓለም አቀፍ ጥሪ አደረገ። በሱዳን ድንበር ውስጥ ከነበሩት ቤተ መቅደሶች የቡሄን፣ የሰምናና የአክሻ ተነቅለው በሙዚየሙ አትክልት ቦታ እንደገና ተተከሉ። የተተከሉትም በዘፈቀደ አይደለም። በመካከላቸው ዓባይን የሚያስታውስ ረጅም የውኃ ቦይ ተሠርቶ በቀድሞ ቦታቸው ቅደም ተከተል በዳርና ዳር ቆሙ። የዝናቡ ወራት ሲመጣ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ጣራ ይለብሱ ነበር። አንድ ልጅ በዚያ ቦይ ዳር ቢራመድ የሰጠመ አገር ውስጥ እንደሚሄድ ያለ አስጎብኚ ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ሥራ ዐውደ ርእይ ብለን ብንጠራው ያምርበታል።

ከፎቅ ላይ ደግሞ የፋራስ ካቴድራል የግድግዳ ሥዕሎች ነበሩ። ካዚሚየሽ ሚሃዎቭስኪ የሚመራው የፖላንድ ቡድን ከ1961 እስከ 1964 በአሸዋ ከተሞላው ካቴድራል ከ120 በላይ ሥዕሎች አገኘ፤ እነሱም ለዋርሶና ለካርቱም ተከፋፈሉ። ትልልቅ ዓይን ያላቸው መላእክት፣ ጳጳሳትና ነገሥታት ናቸው፤ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ሲያያቸው የቤተሰብ ፎቶግራፍ ያገኘ ያህል ይሰማዋል።

ከዚህ ሁሉ ውበት አጠገብ ሶባ ምን ልታቀርብ ትችላለች? ቀለም የተቀባ ገል፣ የመስታወት ስብርባሪ፣ የጡብ ቁራጭ፣ የሜሮኤ ጽሕፈት ያለበት አንድ የድንጋይ በግ፣ በ1015 የሞተ ዳዊት የሚባል ንጉሥ የመቃብር ድንጋይ። ውኃ የሚያሰጥመው ቅርስ ዓለም ሁሉ ተረባርቦለታል፤ ቤት የሚሠራበት ቅርስ ግን ማንም አልጮኸለትም። ሶባ ከሙዚየሙ ደጅ በአንድ ሰዓት የሚደረስባት ሆና ሳለ፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የመጣው ቤተ መቅደስ የበለጠ ክብር ማግኘቱ ይገባናል፤ አንቀበለውም እንጂ። ለዐውደ ርእይ አሰናጅ እውነተኛው ፈተና ፋራስ አይደለም። ፋራስን ማንም ቢሰቅለው ያምራል። ፈተናው ሶባ ነው።

ታዲያ ይህ ሙያ በዩኒቨርሲቲ እንዴት ይሰጣል? ትምህርቱ ዕድሜው አጭር ነው። በአፍሪካ የሙዚየም ቴክኒሺያኖችን የሚያሠለጥን ማዕከል በዩኔስኮ እርዳታ በናይጄሪያ በጆስ ከተማ የተከፈተው በ1963 ነው። በእንግሊዝ አገር የሌስተር ዩኒቨርሲቲ የሙዚየም ጥናት ክፍሉን ያቋቋመው በ1966 ነው። በብዙ አገሮች ግን እስካሁን ድረስ ትምህርቱ የአርኪዮሎጂ ወይም የታሪክ ጥናት ጭራ ሆኖ ይኖራል። የዚህም ውጤት ይታያል። ካጋጠሙን ተመራቂዎች ብዙዎቹ አንድ ማሰሮ በስንተኛው መቶ ዓመት እንደተሠራ ያውቃሉ፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንዲያየው በምን ቁመት መቀመጥ እንዳለበት ግን ሲጠየቁ ይደነግጣሉ። መግለጫ ጽሑፉንም የሚጽፉት ለመምህራቸው ነው። ሣጥኑ ፊት የሚቆመው ሰው መምህራቸው አለመሆኑን ማን ይንገራቸው?

አንድ ምሳሌ እንስጥ። ከሶባ የመጣ ግማሽ ጡብ አለ እንበል። የተለመደው መግለጫ «ጡብ፤ ሶባ፤ መካከለኛው ዘመን» ይላል። ይህ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ጡብ መሆኑን ተመልካቹ በዓይኑ አይቷል። አሁን ደግሞ ይህን ያስተያዩት፦ «ሙሉዎቹ ጡቦች ተለቅመው ካርቱምን ሠሩ። ይህኛው የቀረው ግማሽ ስለሆነ ነው።» ቃላቱ ጥቂት ናቸው፤ ልጁ ግን ከሣጥኑ ቀና ብሎ የቆመበትን ሕንፃ ግድግዳ ሳያይ አያልፍም። አሰናጅነት ማለት በእኛ ግምት ይህ ቀና ማለት እንዲመጣ ማድረግ ነው።

በአገራችንም ጥሩ ምሳሌ አላጣንም። በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ይገኛል። የብሔረሰቦችን ዕቃ በየብሔረሰቡ ሳይከፋፍል፣ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል አሰናድቷል። ጎብኚው የአንዱን ሕዝብ ሣጥን ጨርሶ ወደ ሌላው ሕዝብ አይሻገርም፤ ልጅነትን ጨርሶ ወደ ጉልምስና ይሻገራል። ይህ አንድ አስተሳሰብ ነው፤ የማይስማማ ይኖር ይሆናል፤ የማይስማማውም ቢሆን የሚከራከርበት ነገር አግኝቷል። እዚያው ግቢ ውስጥ ፋሺስቶች የገዙበትን ዘመን ለመቁጠር ያቆሙት የደረጃ ሐውልት አለ። ከነፃነት በኋላ ማፍረስ ይቻል ነበር። አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ያን ያሰበው ሰው የሙዚየም ትምህርት ተምሮ ይሁን አይሁን ግድ የለንም፤ በአንድ ድንጋይ ሙሉ መልስ ሰጥቷል።

ሶባን ለኢትዮጵያ ተማሪ የሚያስጎበኝ ዐውደ ርእይ ቢሰናዳስ ከየት ይጀመር ነበር? እኛ ከአክሱም እንጀምር ነበር። ንጉሥ ዔዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ኖባንና ካሱን ስለ መውጋቱ ባስቀረጸው የግዕዝ ጽሑፍ በግንብ ከተሠሩት ከተሞች መካከል ዓልዋ የምትባለውን ይጠቅሳል። ይህች ዓልዋ የኋለኛዋ የሶባ አልዋ ትሁን ወይስ ሌላ ቦታ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ አለመስማማታቸውም በግድግዳው ላይ ይጻፍ። ተማሪ ሊቃውንት ሲከራከሩ ማየት ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ከዚያ በኋላ የሶባ ገል፣ የሶባ ጡብ፣ የዐጁባ ተረት። በመጨረሻም ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ የተረከው ነገር ይቀመጥ። አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ሲኖር፣ ከኑብያ የመጡ ስድስት ሰዎች ዐፄ ልብነ ድንግልን ካህናትና መነኮሳት እንዲልኩላቸው ሲለምኑ አይቷል። ንጉሠ ነገሥቱ እርሳቸው ራሳቸው ጳጳስ የሚያስመጡት ከእስክንድርያ መሆኑን ጠቅሰው ልመናውን አልተቀበሉም። መልእክተኞቹም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች እነዚህ ሰዎች ከአልዋ ቅሪት የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። ለዚህ ታሪክ በሣጥን የሚቀመጥ ምንም ዕቃ የለም። ባዶ ሣጥን ቢቀመጥለትስ? አንድ ባልደረባችን ይህን ሲሰሙ «ባዶ ሣጥን ለማየት ልጅ በአውቶቡስ አይጫንም» አሉን። እኛ ግን ከሁሉም ሣጥኖች ፊት ልጆቹ የሚቆሙት እዚያ ላይ ይመስለናል።

አሁን ደግሞ ራሳችንን ወደ መተቸት እንምጣ። ከዚህ በፊት ስለ ሙዚየም ትምህርት በተነጋገርን ቁጥር ስለ መዝገብ አያያዝ የሚሰጠውን ክፍል እንንቀው ነበር። ቁጥር መስጠት፣ መለካት፣ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ በካርድ ላይ መጻፍ የጸሐፊ ሥራ እንጂ የምሁር ሥራ አይመስለንም ነበር። ተሳስተን ነበር።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተጀመረ። ብሔራዊ ሙዚየሙ በዚያን ጊዜ ለእድሳት ተዘግቶ ስለነበር ብዙው ዕቃ ታሽጎ በዕቃ ቤት ነበር። በሰኔ ወር የፈጥኖ ደራሽ ኃይል ታጣቂዎች ግቢውን ያዙ። በመስከረም 2024 ዩኔስኮ የሱዳንን ቅርስ ማንም እንዳይገዛና እንዳይሸጥ ጥሪ አደረገ። በመጋቢት 2025 የሱዳን ጦር ከተማይቱን መልሶ ሲይዝ ሙዚየሙ ተዘርፎ ተገኘ። ከባድ የድንጋይ ሐውልቶች ቀርተዋል፤ በሰው እጅ ሊወሰድ የሚችለው አብዛኛው ሄዷል። ከሶባ ከወጡት ዕቃዎች ብዙዎቹ የዚሁ ቤት ንብረት ናቸው።

ከእንግዲህ ወዲህ «ማን ሰበረው?» የሚለው ጥያቄ አምስተኛ መልስ አገኘ። ነገር ግን ሌላ ጥያቄም ተነሣ፤ የተወሰደው ዕቃ በአንድ ነጋዴ ሱቅ ቢታይ የሱዳን መሆኑ በምን ይታወቃል? በዚያ በተናቀው ካርድ ይታወቃል፤ በቁጥሩ፣ በልኩ፣ በፎቶግራፉ። ካርድ የሌለው ዕቃ ሁለት ጊዜ ይሰረቃል፤ አንድ ጊዜ ከሣጥኑ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከባለቤቱ ስም። ሶባ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት። ሺኒ የቁፋሮውን ውጤት አሳትሟል፤ ዌልስቢና ዳንየልስ ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1991፣ የዌልስቢ ሁለተኛ መጽሐፍም በ1998 ወጥቷል፤ ገሎቹ አንድ በአንድ ተስለው በውስጣቸው ይገኛሉ። ከላይ እንደጠቀስነው የኢብን ሱለይም መጽሐፍ ጠፍቶ በቅጂ ቃሉ ቀርቷል። የሶባ ገልም ቢጠፋ ሥዕሉ ቀርቷል። በ2019 የፖላንድ ተመራማሪዎች በሶባ እንደገና ሥራ ሲጀምሩ መሬቱን ብቻ ሳይሆን በፍርስራሹ ላይ የሚኖሩትን ሰዎችም መጠየቃቸው እንዲሁ መልካም ነበር። ዛሬ ከነዋሪዎቹ ስንቱ በስደት እንዳለ ሲታሰብ ያ የተጻፈው ነገር ዋጋው ከፍ ይላል።

ስለዚህ ይህን ሙያ ለመማር የሚያስቡ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ካሉ ምክራችን ሁለት ወገን ያለው ነው፤ እርስ በርሱም ትንሽ ይጋጫል። መዝገቡን እንደ ሃይማኖት ያዙት። ሣጥኑ ፊት ስትቆሙ ግን መዝገቡን እርሱት፤ ለዚያ ልጅ ንገሩት። ሁለቱን በአንድ ሰው ማዋሐድ ከባድ ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን ለሁለት ሰው ከፍለው የሚያስተምሩትም ከዚህ የተነሣ ይመስለናል። እኛ ክፍፍሉን አንወደውም።

ይህን ሁሉ ካሰብን በኋላ ባለፈው ዓመት አንድ ነገር ሞከርን። ወደ ሙዚየም ከመሄዳችን ሁለት ሳምንት አስቀድመን እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ የተሰበረ ነገር እንዲያመጣ አዘዝን። ከክፍሉ ጀርባ ሁለት ጠረጴዛዎች ገጥመን ዕቃዎቹን ደረደርን። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ጽሑፍ ታዘዘ፤ አንዱ ካርድ ነው፤ ቁጥሩ፣ ልኩ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ከየት እንደመጣ። ሁለተኛው ከሃያ ቃላት የማይበልጥ መግለጫ ነው። በመጀመሪያው ቀን የመጡት መግለጫዎች ሁሉ «ይህ ጀበና ነው»፣ «ይህ ሰሃን ነው» የሚሉ ነበሩ፤ ከየት እንደተማሩት ግልጽ ነው። አስመለስናቸው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ተማሪ አንገቱ የተሰበረ ጀበናዋን አቅርባ እንዲህ ጻፈች፦ «እናቴ ስልክ ተደውሎላት ስታነሣ ወደቀ። የሰማችውን እስካሁን አልነገረችንም። ጀበናውን ግን አልጣለችውም።»

ያን ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ። ወደ ሙዚየሙ በሄድን ቀንም ልጆቹ ገሎቹ ካሉበት ሣጥን አልነቃነቅ ብለው ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋ። ከመምህራኑ አንዱ ይህ ሁሉ ጊዜ ለማትሪክ የሚመጣ ጥያቄ ቢሠራበት ይሻል ነበር ብለው ወቅሰውናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጠረጴዛዎቹ ይፈቀዱልን እንደሆነ ገና አልተወሰነም።